ብልቃጡ ላይ ያለችው ሴትዮ

እትዬ ቅባት ልብሷን የምታወልቀው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው። በገዛ መኝታ ቤቷ፣ በሩን ቆልፋ፣ በገዛ ራሷ ታፍራለች። ምን ታድርግ፤ ከአልጋዋ ግርጌ እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን ተደርድሯል፤ ካርቶኑ ሁሉ ላይ የእሷው ፎቶ ተለጥፏል። ሻርፗን ሸብ አድርጋ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፈገግ ብላ ቁልቁል ታያታለች። ከፎቶው ሥር «የእናት ቅባት፤ ለኪንታሮት፣ ለችፌ፣ ለእከክ፣ ለጭርት» የሚል ጽሑፍ አለ። ፎቶውን ያስነሳት ልጇ ነው፤ እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችውን ቅባት በብልቃጥ እያሸገ ለየሱቁ ማከፋፈል የጀመረ ጊዜ።

ያንን ሁሉ ፊት ከጀርባዋ አድርጋ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀድታ ትዘፈዘፍበታለች። መዘፍዘፉስ ደግ ነው፣ ያሳርፋል። ከውሃው ሲነሱ ወደ ታች ማየት አለ፤ እሱን ነው የምትፈራው። አየችው። ዛሬም ደም አለበት፤ ዛሬም ጠቆር ያለ ነው። ውሃውን ደፋች፣ ሳፋውን አጥባ አልጋ ሥር ወተፈች፣ ከገዛ ብልቃጧ በጣቷ ዝቃ ተቀባች፤ ከዚያ በሩን ከፍታ ለምራቷ «ደህና አደርሽ» አለቻት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ሰፈሩን ስትመክር የኖረች ሴት፣ ይኸው የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ወደዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ስትገባ ስለ ቅባት የምታውቀው ለፀጉር መሆኑን ብቻ ነበር። አማቷ ግን እሳት የላሱ ሴት ነበሩ። ማድቤት አስገብተው ድስት አስያዟት፤ «ሰም ቀስ ብሎ ይቅለጥ፤ ከፈላ ሞቷል» እያሉ፣ ዓይኗ ከድስቱ ከተነሳ እጇን በማማሰያ ቸብ ያደርጓት ነበር። የጉሎ ዘይቱ መቼ ጠብ እንደሚል፣ ለእከክ የሚሆነው ድኝ ምን ያህል እንደሚልም፣ ለችፌ ግን ድኝ ጠላት እንደሆነ፣ ለኪንታሮቱ እሬቱ ከስንት ቅጠል እንደሚጨመቅ፣ ሁሉንም በአፍንጫና በጣት ነው ያስተማሯት። እሷም ስታለቅስ ስታለቅስ ለመደችው። ባሏ ሲሞት ቤቱን ደግፎ ያቆመው ያው ድስት ነው። ቤቱም እሷም ድኝ ድኝ ይሸታሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጫማ ገልብጦ ያያል፣ ቀጥሎ እሷን ያያል።

በዚህ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ያወጣው ሰው የለም፣ የሚጥሰውም የለም። ችፌና እከክ የያዘው ሰው በፊት በር ይገባል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ያሳያል፣ ተጨዋውቶ ይሄዳል። ኪንታሮት የያዘው ግን በጓሮ በር ነው፤ ደግሞም እሱው ራሱ ታሞ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ሁሉም ለሌላ ነው የሚመጣው። ሥጋ ሻጩ ለአጎቱ ነው የመጣው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ለጎረቤታቸው ነው የመጡት። ትራፊክ ፖሊሱማ «ለአለቃዬ ነው» ብሎ መጣና፣ ወንበር ስትሰጠው መቆም ልማዴ ነው ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እሷ አትስቅም። አለቃህ ሲቀመጥ ነው የሚያመው ወይስ ሲነሳ ብላ ትጠይቃለች። ፖሊሱም አለቃው ሲቀመጥም ሲነሳም፣ ሲያስነጥሰውም ጭምር እንደሚያመው ላብ በላብ ሆኖ ያስረዳል። እንዲህ እየተባለ ስንቱ አጎትና ስንቱ አለቃ ተሽሎት ሄዷል።

ከጥያቄዎቹ መካከል ግን አንዷ ሳትጠየቅ ቅባት አይሰጥም ነበር። አማቷ እስኪሞቱ ድረስ እሷን ነው ያስጠኗት። ደሙ ምን ዓይነት ነው? ፍም የመሰለ ቀይ ሆኖ ላዩን ጠብ የሚል ከሆነ ስጪው። ጠቆር ብሎ ከውስጡ የተቀላቀለ ከሆነ፣ ሰውዬውም ከከሳ፣ በሩን ዝጊበትና ወደ ሐኪም ስደጂው፤ ቢለምንሽም ቢሰድብሽም እንዳትሰጪው። የሰደባት ብዙ ነው። ለሰው የሰጠሽውን ለእኔ ነፈግሽኝ እያለ በሩን በእርግጫ የመታም አለ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ሰዉ ተመልሶ ሊያመሰግን ቢመጣም ባይመጣም፣ ይቺን ነገር አጥብቃ ይዛ ኖረች።

ልጇ ሥራውን ሲያሰፋው መንገድ ላይ የወደቀችው እንግዲህ ይቺው ጥያቄ ናት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ይቀላት ነበር። እናቴን ከምድጃ ላሳርፍ ብሎ ነው ተቀጥሮ ይሠራ የነበረውን የሽያጭ ሥራ የተወው። ከሚስቱ ጋር ሆነው ሳሎኑን ቅባት መሙያ፣ ጓሮውን ሰም ማቅለጫ፣ የእሷን መኝታ ቤት መጋዘን አደረጉት። አንድ ቀን እራት ላይ «ልጄ፣ ብልቃጥ እኮ አይጠይቅም» አለችው። ገባው። ደሙ የጠቆረ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ የሚል ጽሑፍ በሚቀጥለው ኅትመት እናስገባለን አላት። የሚቀጥለው ኅትመት መጣ፤ ፎቶዋ ተለቀ፤ ጽሑፉ ቦታ አጣ። ደግሞስ፣ አለ ልጁ፣ ደም የሚል ቃል ያለበትን ዕቃ ማን ከመደርደሪያ ያነሳል? ቤቱ ደስ ብሎት ነበር፤ የልጅ ልጇ ጓደኞቿን እየጎተተች «አያቴ ሱቅ ውስጥ አለች» እያለች ታሳይ ነበር። ደስ ያለው ቤት ውስጥ ክፉ ቃል መናገር ለማንም ይከብዳል።

በሽታው የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ቀይ ነበር፤ እንዲያውም ሳቀች። ባለሙያዋን ያዛት ብላ ለራሷ ቀለደች። ተዘፈዘፈች፣ ተቀባች፣ ተሻላት። ቆይቶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ጠቁሮ ነው። ቀሚሶቿ ወገቧ ላይ ይሰፏት ጀመር። ምራቷ ሥራ በዝቶብዎት ነው እያለች በስፌት መኪና አጠበበችላት። ልጇ ለትልቁ ብልቃጥ አዲስ ፎቶ ሊያስነሳት ወሰዳት፤ ፎቶ አንሺው መብራቱን ወዲያ ወዲህ ቢያደርግ፣ አገጯን ቀና በይ ቢላት አልሆነም። ልጁ ስክሪኑን አየና «እማ፣ ከስተሻል፤ በድሮው ይሁን» አላት። በድሮው ሆነ። ከዚያ በኋላ ለምን ከሳሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ነገሩ የፎቶ ችግር ሆኖ ነው የታለፈው።

ሰሙን እያማሰለች አንዳንዴ ራሷን እንደ ደንበኛ ትጠይቃለች። ለማን ነው? ለእህቴ ነው። የእህትሽ ደም ምን ዓይነት ነው? እዚህ ላይ ማማሰያውን ታቆማለች። ያቺ እህት በጓሮ በር ብትመጣ ኖሮ በሩን ዘግታባት ትመልሳት ነበር፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የማያውቅ ሰው ቢያንስ ተስፋ ያደርጋል። እሷ ግን እያወቀች ነው ጠዋት ጠዋት ሳፋው ላይ የምትቀመጠው፣ ፍርሃቱም የጀመራት ከማወቋ ነው።

ታዲያ ለምን ሐኪም ዘንድ አትሄድም የሚል አይጠፋም። ለተናጋሪ ቀላል ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ የቅባቷ ደንበኛ ናት፤ የመጠበቂያው አግዳሚ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ነው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እዚያ የተቀመጠውን ቆጥሮ ነው የሚያልፈው። ባለቅባቷን ኪንታሮት ያዛት የሚል ወሬ ከተነሳ ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል። ሱቁ ብልቃጡን ይመልሳል። ልጇ፣ ምራቷ፣ የልጅ ልጇ፣ እነዚያ ሳሎን ውስጥ ክዳን የሚገጥሙት ሁለት ልጃገረዶች፣ ሁሉም ብልቃጡ ላይ ባለው ፊቷ ነው የሚተዳደሩት። ኪንታሮት ብቻ ባይሆንስ ብላ ስታስብ ደግሞ ከደጅ ትመለሳለች። እንዲህ እያለች አንዱን ወር በሌላው ላይ ደረበችው።

አንድ ቀን ግን ቆረጠች። ማንም በማያውቃት ሩቅ ሰፈር፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ አንድ ፋርማሲ ገባች። ፋርማሲስቱ ልጅ እግር ነው። እሷም ሳታስበው፣ ሰው ሁሉ ሲላት የኖረውን አለችው፤ ለእህቴ ነው፣ ኪንታሮት አስቸግሯታል፣ ጠንከር ያለ ነገር ስጠኝ አለችው። ልጁ ዞር ብሎ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አነሳና መስተዋቱ ላይ አስቀመጠላት። እሷው ራሷ ነበረች፤ ፈገግ ብላ ታያታለች። ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ እናቴም ይህንኑ ነው የምትጠቀመው እያለ ያሞግስ ጀመር። በመሃል ብልቃጡን አየ፣ እሷን አየ፣ ሻርፑ የማይሸፍነውን ዓይኗን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። እትዬ፣ ዋጋችንን ሊሰልሉ ነው የመጡት ብሎ፣ የክብር እንግዳ መጣልን እያለ ሻይ አዘዘላት። ወንበርም አቀረበላት። ሻዩን ቆማ ጠጣች፤ መቆም ልማዴ ነው አለችው። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ እንደገና ደብቃው በቀረች ነበር። ያስነሳት ሰሙ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ፊት ቆማ እያማሰለች ዓይኗ ጭልም አለባት፤ ግድግዳውን ይዛ እንደምንም ራሷን ስታገኝ ድስቱ ይንተከተካል። ሰሙ ፈልቷል። በዚህ ቤት በእሷ እጅ ሰም ፈልቶ አያውቅም። ልጇ መጥቶ አየና ምንም አይልም እማ፣ እናቀዝቅዘውና እንሙላው አላት። ሰሙ ሞቷል አለችው። ማን ያውቃል፣ አላት፣ ሁሉም ያው ቅባት ነው። አልተጣላችውም። መኝታ ቤቷ ገብታ ካርቶኖቹ መካከል ተቀመጠችና፣ እኔም እንዲህ ቀስ ብዬ ሳልታይ ልሞት ነው አለች።

ትልቁ ሆስፒታል ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ልጇን የድሮ ጓደኛዬ ታማ ተኝታለች፣ ልጠይቃት አለችውና በማለዳ ወጣች። ልጁም ለበሽተኛዋ ይሁን ብሎ ሁለት ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተላት። እንቢ ልትለው አልቻለችም።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። ግድግዳው እስከ ደረት አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነበር፣ አሁን ቀለሙን መናገር ይቸግራል። አግዳሚዎቹ ትይዩ ስለተደረደሩ ሰው ሁሉ ሌላውን ላለማየት ወለሉን ነው የሚያየው። በሩ ላይ «የአንጀትና የፊንጢጣ ሕክምና» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ያን ያህል በትልቁ ባይጻፍስ ምን ነበረበት። እዚህ በር ላይ ለአጎቴ ነው ብሎ ነገር የለም፤ ሐኪም አጎትን በተወካይ አያይም። ካርድ አወጣች፣ ቁጥር ተሰጣት፣ ሻርፗን ጎትታ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ተቀመጠች። ማንም አላያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተንፈስ አለች።

ከአጠገቧ አንዲት ጎልማሳ ሴት ነበረች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ ይታያል። ቀሚሷ ሰፍቷት የሌላ ሰው ልብስ የተዋሰች ትመስላለች። እትዬ ቅባት በልማዷ የሴትዮዋን ከንፈር አየች፣ የዓይኗን ሥር አየች፤ ደም የሚባል የለበትም። ሴትዮዋ መሐረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት የተጋመሰ ብልቃጥ ብቅ አለ። እትዬ ቅባት ቶሎ ፊቷን አዞረች፤ ስታዞር ሻርፗ ከአፍንጫዋ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማቆም አልተቻለም። ሴትዮዋ እርስዎ ነዎት እንዴ ብላ እጇን ይዛ ሳመቻት። ወሬው ካንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ሮጠ፤ ወለሉን ሲያይ የነበረው ሁሉ ቀና አለ። ፊት ለፊት የነበሩ ሽማግሌ ተነስተው ተጠጉና በሹክሹክታ ለወንድሜ ነው ብለው ጀመሩ። እዚያ በር ላይ፣ ቁጥር በእጃቸው ይዘው፣ ለወንድሜ ነው አሏት። እሷም ደንቡን ጠብቃ ወንድምዎ ሲቀመጡ ያማቸዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ምን እግር ጣለሽ ሲሏት ጓደኛዬ እዚህ ተኝታ ልጠይቃት ነው አለች። ዘንበል ማለቱን ትታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ሕመሙ እስከ ማጅራቷ ወጣ፤ እሷ ግን ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከብልቃጡ ላይ ነው የሚያውቀው።

ነርሷ ብቅ ብላ ቁጥር ጠራች። የእሷ ቁጥር ነው። ነርሷ ደግማ ጠራች። ሰዉ ማነው ማነው እየተባባለ ተያየ፤ እሷም አብራ ማነው አለች። ነርሷ ወደሚቀጥለው አለፈች፣ በሩም ተዘጋ። እትዬ ቅባት ወረቀቱን በእጇ ውስጥ ጨምድዳ ተቀመጠች፤ ከቤቷ ሸሽታ የመጣችበት ቦታ ድረስ ቤቷ ተከትሏት መጥቶ ነበር።

ይህ ሲሆን የዳቦ ቤቷ ሴት ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተነሳች። እርስዎን ካገኘሁ ሐኪሙ ምን ያደርግልኛል አለች። ኦፕራሲዮን ያስፈራኛል፤ ልጆች አሉኝ፤ ብልቃጡን ስቀባ ከርሜያለሁ፣ ትንሽ ይተወኝና ይመለሳል፤ የሱቁ ስለሆነ ይሆናል፣ ከእጅዎ ጠንከር ያለውን ይስጡኝ፣ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ እያለች ትለምናት ጀመር። እትዬ ቅባት ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ጎንበስ ብላም ብልቃጡ ያልጠየቃትን ያቺን አንድ ጥያቄ በጆሮዋ ጠየቀቻት። ጠቆር ያለ ነው አለች ሴትዮዋ፤ ከውስጡ የተቀላቀለ ነው፤ ከክረምቱ በፊት ነው የጀመረኝ።

«ተራሽን ጠብቂና ግቢ» አለቻት እትዬ ቅባት። «የእኔ ቅባት ለዚህ አይሆንም።»

ሴትዮዋ ሳቅ አለች። ትሕትና ነው የመሰላት። አዋቂ ሰው መጀመሪያ ይገፋል፣ ሲለምኑት ይሰጣል፣ እኔም መለመኑን እችልበታለሁ ብላ ደግማ ተነሳች፤ አድራሻዋን ብቻ እንድትነግራት ጠየቀች። እትዬ ቅባት ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት። ምን ብላ ታስረዳት? ከገዛ ፎቶዋ ጋር ክርክር ገጥማ ማን ያምናታል? ያቺኛዋ ጉንጯ ሞልቶ ያድናል ስትል፣ ይቺኛዋ አያድንም ብትል የሚሰማት የለም። የሚሰማ ነገር አንድ ብቻ ነው የቀራት። እሱን ከተናገረች ደግሞ ቤቱ አለቀለት። ሳሎኑ ታያት፣ ልጇ ታያት፣ ምራቷ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳ ታየቻት። ሴትዮዋ ቀሚሷን ቀስ ብላ ከእጇ ታስለቅቅ ነበር።

«እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት» አለች እትዬ ቅባት። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «የማንም ጠያቂ አይደለሁም። ቅድም ሲጠራ የነበረው ቁጥር የእኔ ነው። ደሜ ልክ እንዳንቺው ነው፤ ከገዛ ብልቃጤ ስቀባ ከርሜ አላቆመልኝም። እባክሽ አትሂጂ።»

ለወንድሜ ነው ያሉት ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ባለችበት ቆማ ቀረች። ቅድም እጇን የሳመቻት፣ እርስዎ እርስዎ ስትላት የነበረች ሴት፣ አንቱታውን እዚያው ጣለችው።

«ታዲያ ለእኛ ለምን ትሸጪልናለሽ?»

እትዬ ቅባት አፏን ከፈተች። ጽሑፉ ቦታ አጥቶ ነው ልትል ነበር። ልጄ ነው ልትል ነበር። ለእከክና ለሌላው እኮ ያሽላል ልትል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ከአፏ አልወጣም። ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው ግን ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ቁጥሯ ሲጠራ የዳቦ ቤቷ ሴት ገባች። ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚመራትን ወረቀት ይዛ፣ እትዬ ቅባትን ሳታያት አለፈች። ቢሆንም ገብታለች፣ ታይታለች። እትዬ ቅባት ይህን በልቧ ያዘችው፤ ደስታ ልትለው ግን አልደፈረችም። ከዚያ ነርሷ ቅድም ተጠርቶ የቀረ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ተነሳች። ኮሪደሩ ሁሉ እያያት ገባች።

ሐኪሟ ልጇን የምታክል ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ፣ አነጋገሯ ግን ለስላሳ ነው። አየቻት፣ ነካካቻት፣ አስነሳቻት። ኪንታሮት አለ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ወደ ውስጥ እባጭ አለ አለቻት። ምን እንደሆነ ናሙና ተወስዶ ሳይታይ መናገር አይቻልም፤ ደምም ስላነሰዎት ዛሬውኑ እናስተኛዎታለን፤ የቤተሰብ ሰው ይጥሩ አለች። ከዚያም እጇን እየታጠበች፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ አለቻት። እትዬ ቅባት ይህን ቃል በጓሮ በር ለስንቱ ብላዋለች። ለሚሰማው እንዲህ ከባድ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ኮሪደሩ ወጥታ ቆማ ለልጇ ደወለች። ወዲያው አነሳው። ከበስተኋላው ክዳን ሲገጠም ይሰማል፤ ልጃገረዶቹ ይሳሳቃሉ። ድምፁ ደስ ብሎታል፤ አንድ ትልቅ አከፋፋይ መጥቶ ብልቃጡን አይቶት ወዶታል፣ አንቺንም ማየት ይፈልጋል እያለ አወራላት። አስጨረሰችው። ጓደኛሽስ እንዴት ናት አላት በመጨረሻ።

«ጓደኛ የለም» አለችው። «የታመምኩት እኔ ነኝ። ካመመኝ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ያው ለኪንታሮት ቅባት የምንሸጥለት ቦታ ነው። እባጭ አለ ብለውኛል፤ ያስተኙኛል። ቤተሰብ ይምጣ ብለዋል።»

በር ሲዘጋ ሰማች፤ የክዳኑ ድምፅ ጠፋ። ከሰው ተለይቶ ወደ እሷ መኝታ ቤት እንደገባ፣ ካርቶኖቹ መካከል እንደቆመ አወቀች። ትንፋሹን ትሰማለች። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«እማ፣ ሰው አይቶሻል?»

እትዬ ቅባት ኮሪደሩን አየች። ሽማግሌው፣ ነርሷ፣ ግራና ቀኙ አግዳሚ ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ አላነሳችውም።

«ሁሉም አይቶኛል ልጄ» አለችው። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»